ፈይሳ በሁለት ቦታ የታየበት እሁድ

አዲስ ነገር ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘሩ ነው። ምን ይሠራል፣ ለምን ይጠቅማል የሚለው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሬዲዮ ሲመጣ «ይኼማ እኛም ዘንድ ነበር፤ አያቶቻችን ከወፍ ጋር ያወሩ የለም እንዴ!» ተባለ። አውሮፕላን ሲመጣም በደመና ተጭነው ይሄዱ የነበሩ ባሕታውያን ከየገዳሙ ተፈልገው ተገኙለት። ሰሞኑን ደግሞ በየተቀመጥኩበት የምሰማው የኳንተም ፊዚክስን ዝምድና ነው። ባለፈው አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከጎኔ ያለ ጎልማሳ «ሳይንስ ራሱ አምኗል እኮ! መንፈስ አለ፤ ስሙን ኳንተም ብለውታል» ሲል ሰማሁና ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ለቀስተኛው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለቅሶ ቤት ፈገግ ማለት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ምን ላድርግ? መንፈስና ኳንተም መጀመሪያ ሲተዋወቁ እዚያው ነበርኩ።

የተዋወቁት ነቀምቴ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን።

ያኔ እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ከእኔ ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ፈይሳ ደግሞ የነቀምቴው ተወላጅ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ከቁመቱ የተነሳ በር ሲገባ ሁልጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ኮሌጅ ሲመለስ ሁሉም ሻንጣውን በልብስ ሞልቶ ሲመጣ እሱ ኤሌክትሮን ይዞ መጣ። ጠዋት ስለ ኤሌክትሮን፣ ማታ ስለ ኤሌክትሮን። «እየው» ይለኛል፣ «ሁለት ቀዳዳ ያለው ግድግዳ አለ እንበል። ኤሌክትሮኑን ካላየኸው በሁለቱም ያልፋል። በየትኛው እንደሚያልፍ ልየው ካልክ ግን በአንዱ ብቻ ያልፋል።» እኔም «ታዲያ ለምን አርፈህ አታልፈውም?» እለዋለሁ። የአማርኛ አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ሊል ይችላል?

አንድ ቀን እራት ላይ ይህንኑ ለቤት አከራያችን ለአዴ ጫልቱ ያስረዳል። አዴ ጫልቱ እጃቸውን እየታጠቡ ያለ ምንም መደነቅ «የኦቦ ዲንሳ አያናም እንዲሁ ነው» አሉ። «መጋረጃው ተጋርዶ ይመጣል፤ ገልጠህ ልየው ካልክ ይሄዳል።»

ኦቦ ዲንሳ ማለት ከነቀምቴ ወጣ ብሎ፣ ጉቴ በምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ቃሉ ነው። በእኛ አገር ቃልቻ የምንለው መሆኑ ነው። አያና የሚሉት መንፈስ ይወርድበታል፤ ሰዎች ገልማ በሚሉት ሰፊ ጎጆ ተሰብስበው ችግራቸውን ይናገራሉ፤ መልሱ ከመጋረጃ ጀርባ ይመጣል። የከተማው ፕሮቴስታንት ባዕድ አምልኮ ይለዋል፣ እኛ ኦርቶዶክሶቹም እናማትብበታለን። በዚህ እንኳ ተስማምተን ነበር።

ፈይሳ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እኔ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ሰው ዓይን ነው።

«መሄድ አለብኝ» አለ።

አዴ ጫልቱ «አንተ የወንጌላዊ ልጅ! አብደሃል?» አሉት። የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ፈይሳ በክሊኒኩ የምትሠራ ሌንሴ የምትባል ልጅ ይወዳል። መውደድ ስላችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ቁሞ አላነጋገራትም። አባቷ ኦቦ ኢጄታ የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲስቁ ያያቸው ሰው ካለ እስካሁን አልተገኘም። በቃሉ ደጅ የታየ ሰው ለእኚህ ሰው አማች ሊሆን ቀርቶ ደጃቸውን ረግጦ ውሃ አያገኝም። ይህንን ሁሉ ነገርኩት። «ለሳይንስ ነው» አለኝ። ለሳይንስ ከሆነ ምን ይባላል? አብሬው ሄድኩ።

የግንቦት ቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ ጀምሯል። በጭነት መኪና ጉቴ ወረድንና በጭቃ መንገድ በእግር ገባን። ፈይሳ ሰው እንዳያውቀው የእኔን ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። የእኔ ጋቢ እሱ ላይ እስከ ጉልበቱ ነው። ጋቢ የለበሰ ፈይሳ ደግሞ ከሩቅም ከቅርብም የሚመስለው ጋቢ የለበሰ ፈይሳን ነው። ያገኘነው ሰው ሁሉ «አካም ጅርታ፣ መምህር ፈይሳ?» እያለ ደኅንነቱን ጠይቆ አለፈ።

ገልማው ውስጥ ሰው በሣር ላይ ተቀምጧል። ከፊት መጋረጃ አለ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ በጃኬቴ ውስጥ አማተብኩ። አንዱ ላም ጠፍታበት፣ አንዷ ባሏ ሌላ ቤት እየሠራባት፣ ሌላው ከጎረቤቱ በድንበር ተጣልቶ እየተነሳ ይናገራል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ወፍራም ድምፅ ይመልሳል። ፈይሳ የሚጠይቀውን ጥያቄ በመንገድ ላይ ሲያጠናው ነበር፤ «ወደዚህ ከመምጣትህ በፊት በአንድ ቦታ ነህ ወይስ በብዙ?» የሚል ነው። ኮሌጅ ውስጥ ያሉት ፕሮፌሰሮች ይህንን ቢሰሙ ይቀኑብኛል ብሎኛል።

ተራው ደረሰ። ተነሳ። ጭንቅላቱ ጣሪያውን ነካ።

«አንተ ረጅሙ፣ ምን ትሻለህ?» አለ ድምፁ።

ፈይሳ አፉን ከፈተ።

«ኦቦ ኢጄታ... ልጃቸውን ይሰጡኛል ወይ?»

ላሟ የጠፋችበት ሰው እንኳ ላሟን ረስቶ ዞሮ አየው። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፁ መጣ።

«ይህን አባቷን ጠይቅ። የሚቀጥለው!»

ስንመለስ ፈይሳ ጭቃውን እየረገጠ አይደለም፤ ጭቃው ነው እሱን የሚረግጠው። «እንዴት እንዲህ ጠየቅኩ? ሌላ ነበር እኮ የምጠይቀው! ጥያቄው አፌ ላይ ሲደርስ ተለወጠ» ይላል። «ምናልባት ሰው ስላየህ ይሆናል» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ቀልዱን ወስዶ እስከ ነቀምቴ አሰበበት።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ፈይሳ በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ተጠራ፤ እኔም አብሬው ስለምኖር ለምስክርነት ተፈለግሁ። ዘማሪዎቹና ሌላው ምእመንም ሊሰሙ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበዋል። ከሳሹ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ ሁሉ የተካሄደው በኦሮምኛ ስለሆነ እንደገባኝ አድርጌ ነው የማወራችሁ። ኦቦ ጉተማ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና «ባለፈው እሁድ፣ እናንተ እዚህ ስትዘምሩ፣ ይህ ልጅ ከዲንሳ ገልማ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» አሉ።

እኔና ፈይሳ ተያየን። እሁድ?

ፈይሳ አፉን ሳይከፍት ዘማሪዎቹ ተነሱ። «እሁድማ እዚህ ነበር!» አሉ። «ሁለተኛውን መዝሙር ያበላሸብን ማን ሆነና ነው?» ሕዝቡም መሰከረ። የፈይሳ ወፍራም ድምፅ በሚያሳዝን ሁኔታ የሚረሳ አልነበረም።

ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ኦቦ ጉተማ ሽማግሌ ናቸው፤ አይዋሹም። ዘማሪዎቹም በእግዚአብሔር ቤት ቆመው አይዋሹም። ማንም ካልዋሸ ደግሞ ሰውየው በአንድ ሰዓት ጉቴም ነቀምቴም ነበር። አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው «ፊልጶስስ ጃንደረባውን ካጠመቀ በኋላ በመንፈስ ተነጥቆ በአዛጦን ተገኝቶ የለም?» አሉ። ኦቦ ኢጄታ መነጽራቸውን አስተካክለው «ፊልጶስ ከአንዱ ጠፍቶ ነው በሌላው የተገኘው። በሁለቱም ተገኘ አልተባለም» አሉ።

«ይቻላል!» አለ ፈይሳ።

በክርኔ ጎሸምኩት። ነፃ ወጥቷል እኮ! እሁድ እዚህ ነበርኩ ብሎ ቢቀመጥ በቃው ነበር። እሱ ግን ዓይኑ በርቷል። የሰንበት ትምህርት ከሚሰጥበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ግድግዳ ሣለ፤ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ሣለ፤ አንዱ ላይ ጉቴ፣ አንዱ ላይ ነቀምቴ ብሎ ጻፈ። ከዚያም አንድ ነገር ሳይታይ በሁለቱም ሊያልፍ እንደሚችል፣ የሚያየው ሲገኝ ግን ከሁለቱ በአንዱ እንደሚወሰን አስረዳ። ሽማግሌዎቹ በጥሞና አዳመጡ። ስብከት ለምደዋል።

ኦቦ ኢጄታ ብዙ አሰቡና «እንግዲህ ጉተማ ባያዩህ ኖሮ እዚያ አልነበርክም?» አሉ።

«በአንድ በኩል እንዲያ ማለት ይቻላል፣ አባባ።»

«ታዲያ ኃጢአቱ የተመልካቹ ነው ማለት ነው?»

ኦቦ ጉተማ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ወገባቸው ግን ስላልፈቀደላቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። ጉባኤው ተንጫጫ። ይህን ጊዜ ነው ውጭ በቅሎ ስታናፋ የተሰማው።

በሩ ተከፈተና ኦቦ ዲንሳ ገባ። አዎ፣ ቃሉ ራሱ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጭቃውን ከእግሩ አራግፎ፣ በአዳራሹ መሃል ቆመ። ቃሉ እዚያ ቤት ሲገባ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ደንብ ስላልነበረ ማንም ምንም አላደረገም።

«አካም ጅርቱ፣ ያ መንጉዶ» ብሎ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰላምታ አቀረበ። የወለጋ ሰላምታ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ቃል አያልቅም። እየዞረ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። መጽሐፍ ቅዱስ የገለጡትን ሽማግሌ «እንቅልፉ መጣልህ?» አላቸው። የጉባኤውን ጸሐፊ «ላሚቱ ጥጃዋን ተቀበለች?» አላቸው። ኦቦ ጉተማ ዘንድ ሲደርስ በርኅራኄ ዝቅ ብሎ «ወገብህስ? ያዘዝኩልህን ቅጠል በደንብ አላሸኸውም መሰለኝ» አላቸው። እያንዳንዱ ሽማግሌ ተራው ሲደርስ የጣሪያውን እንጨት ይመለከት ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ በትጋት የታየ ጣሪያ አላውቅም።

ከዚያ ዲንሳ የመጣበትን ተናገረ። ተቆጥቷል። «ገልማዬ እሁድ ተከፍቶ ነበር የሚለው ወሬያችሁ ጉቴ ድረስ ደርሶ ስሜን አጥፍቷል። እሁድ ዝግ ነው። እሁድ ከፍቼስ ማን ሊመጣ? ሰው ሁሉ እዚህ አይደለም?»

ኦቦ ጉተማ ያን ቅዳሜ ጉባኤው ራሱ ልኳቸው ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሄደው ምእመናን መጎብኘት ነበረባቸው። እዚያ እንዳልደረሱ፣ ወገባቸው ጉቴ ዲንሳ ዘንድ እንደወሰዳቸው፣ ቅዳሜ አየሁት ቢሉ ቅዳሜ አንተስ የት ነበርክ ስለሚባል ቀኑን ወደ እሁድ እንዳሻገሩት፣ ማንም ሳይናገረው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ምስኪኑ ሰውዬ በቀስታ ተቀመጡ።

ኦቦ ኢጄታ ወደ ፈይሳ ዞሩ። «ቅዳሜስ? ሄደሃል?»

ፈይሳ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ሄጃለሁ።»

«ምን ፈልገህ?»

ኤሌክትሮን ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ሰሌዳው ላይ ተሥሏል፣ እኔም እመሰክርለት ነበር። «አባባ፣ ልጅዎን ሌንሴን ይሰጡኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው» አለ።

«እና ምን አለህ?»

«አባቷን ጠይቅ አለኝ።»

ኦቦ ኢጄታ ወደ ዲንሳ ዞረው «እንዲህ ብለሃል?» አሉት።

ዲንሳ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ አላውቅም። አያናው ይሆናል የተናገረው። ብሎ ከሆነ ግን ደህና ተናግሯል።»

ያኔ ኦቦ ኢጄታ ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው ልክ እንደ ሰው ነው። ጉባኤው ያን ቅዳሜ ማንም ማንንም እንዳላየ ወስኖ ተበተነ፤ ዲንሳም በቅሎው ላይ ወጥቶ ከመሄዱ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳቦ በላ። ስለ ልጃቸው ግን ኦቦ ኢጄታ «መጀመሪያ እሷን እጠይቃለሁ» አሉ።

ፈይሳና ሌንሴ በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። አያናና ኤሌክትሮን ይዛመዱ አይዛመዱ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊያጣራ የሄደው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሌላ ጥያቄ ጠይቆ ተመለሰ። እኔ በነገሩ ከተናገሩት ሁሉ ያልረሳሁት ሌንሴን ነው። ከጉባኤው ማግሥት ለሳሌ መድኃኒት ልቀበል ክሊኒክ ሄጄ አገኘኋት። ሽሮፑን በጠርሙስ እየቀዳችልኝ፣ ቀና ሳትል፣

«ለጓደኛህ ንገረው» አለችኝ። «የማይታየውን ሁሉ ጉቴ ድረስ ሄዶ ከሚጠይቅ፣ እኔ እኮ በየእሁዱ ከፊቱ ነው የምቀመጠው።»