ስሞታ የለኝም

የኛ ሰው እግሩ ተሰብሮ ተጋድሞ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። አትሳቁ፤ እናንተም እንዲሁ ናችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት የምንተርተው ለሌላ ሰው ነው።

ጓደኛዬ ዘነበች እዚህ ሰው አገር፣ ሲዋርድ በሚባለው የኪራይ ሕንፃ ውስጥ፣ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነበር። ስትሮክ ጣላት። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ፍርድ ቤቱ በሰባ ሁለት ዓመቷ በስሟ የምትወስንላት ሞግዚት ሾመላት። ሞግዚቷ ፋይል የታቀፈች ፈረንጅ ናት። ብሩክሊን ሴንተር የሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን ቤት አስገባቻት፤ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብላ አላዋየቻትም። አሁን ደግሞ «የሲዋርዱን ቤት ላስረክብ ነው» አለች። ዘነበች በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዛ ታለቅሳለች። «ቤቴ ውሰጂኝ። በጾም ወተት ያቀርቡልኛል፤ እንቢ ስል አልበላም አለች ብለው ይጽፉብኛል።»

ደግነቱ ዳኛው ሞግዚቷን የሚቆጣጠር ሰው ይልካል ተባለ። «ሁሉንም ንገሪ» እያልኩ ሳምንት ሙሉ አስጠናኋት።

ዳኛው የላካት ሴትዮ መጣች። አስተርጓሚዋ በስልክ ናት፣ የኛው ልጅ።

«እማማ፣ ስሞታ አለዎት?»

«ደህና ነሽ ልጄ? እናትሽ ደህና ናቸው? የማን ልጅ ነሽ?»

«ደህና ነኝ እማማ። ስሞታ እንዳለዎት ነው የምትጠይቅዎት።»

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን! ምን ጎድሎብኝ!»

«ቤትዎ መመለስ ይፈልጋሉ?»

«እነሱ እንዳሉ ይሁን። እኔ ሰው አላስቸግርም።»

ቆነጠጥኳት። «ተዪኝ! ገመናዬን ለማላውቃት ልጅ በስልክ ልዘርግፍ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች፤ ጓደኛዋስ ምን ትላለች? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በሩ ላይ ገላዋን የምታጥባት ልጅ ቆማለች፣ ያገራችን ልጅ፣ እንጀራዋ እዚያ ቤት የሆነ። እሷ ፊት ቤቱን ልማው? ሳምንት ሙሉ ሳስጠና የከረምኩት እኔ «በጣም ይንከባከቧታል፤ ይባረኩ» አልኩ።

ሴትዮዋም ጻፈች።

ባለፈው ሳምንት የዳኛው ደብዳቤ በሲዋርዱ አድራሻዋ መጣ። የልጅ ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችኝ፦ ስሞታ የለም፤ ሞግዚቷ ትቀጥል፤ ቤቱ ይለቀቅ። ዳኛው ምን ያድርግ? የፈረደው በነገርነው ነው።

ደብዳቤውን ይዤላት ሄድኩ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ደህና ነው ይላል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችና ከትራሷ ሥር የቤቷን ቁልፍ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «በይ ቀድመሽኝ ሂጂና መስኮቱን ክፈቺልኝ፤ ታፍኖ ከርሟል።»