ክቡር አቶ ዌንደል፣ የእርሳስ ሰባኪ

አዲስ እምነት የያዘ ሰው ሁሉ ይሰብካል፤ ሲጋራ ያቆመውም፣ ስኳር የተወውም፣ በጠዋት መሮጥ የጀመረውም። ከሁሉም የሚብሰው ግን የጥይቱን አረር ራሱ እርሳስ አቅልጦ መሥራት የጀመረ ሰው ነው። የሄምሎክ ፎርክ ተኳሾች ክበብ አባላት ይህን በደንብ እናውቃለን፤ ክቡር አቶ ዌንደል ክራትስ አሉንና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ፔንስልቬንያ ውስጥ እኛን መሰል ሰዎች የተተኮሰ ቀልሃ አንጥልም። ተለቅሞ ይጸዳል፣ ባሩድ ይሞላል፣ ጫፉ ላይ አዲስ አረር ይገጠምለታል። አረሩን አብዛኞቻችን መዳብ የለበሰውን ከሱቅ እንገዛለን። ዌንደልም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ግን ሱቁ አልቆበት ባዶ እጁን ተመለሰና፣ ጋራዡ ውስጥ እርሳስ አቅልጦ፣ በብረት ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ የመጀመሪያዋን አረር አወጣ። እንደ ብር ታበራ ነበር። በቃ፣ ሰውዬው ጠፋብን።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሲያይ የሚያየው መኪናውን አይደለም፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ለሚዛን የምትገጠመውን ቁራጭ እርሳስ ነው። በአጎቱ ቀብር ላይ የሬሳ መኪናዋን ጎማ ጎንበስ ብሎ ሲመረምር ሚስቱ ላቨርን በክርኗ ጎሸመችው። እሷማ ተጎጂ ናት፤ የኬክ መጋገሪያዋን የቀለጠ እርሳስ ማርጊያ አድርጎባታል።

«ወደ ማድ ቤቴ መልሰህ እንዳታመጣው!» አለችው። «እርሳስ መርዝ ነው ብለህ የሰበክኸኝ አንተው ነህ።»

«አልመልሰውም ውዴ፤ ወርሼዋለሁ።»

እኔን ሲያገኘኝ ደግሞ ትከሻዬን ጨምድዶ፣ «መዳብ ለሽጉጥ በርሜል አሸዋ ነው፤ እርሳስ ግን ቅቤ ነው!» ይላል።

ቅቤ ነው፣ ቅቤ ነው ሲለኝ ከርሞ ተሸነፍኩ። ከወንዝ ማዶው ክበብ ጋር ለምናደርገው ግጥሚያ ሙሉ ሣጥን ጥይት ሠርቶ ሰጠኝ። የተሸነፈ ክበብ ለአሸናፊው ባቄላ በአሳማ ሥጋ ቀቅሎ ያበላል። ማብላቱስ ምንም አይደል፤ እየበሉ የሚናገሩት ነው የሚገድለው።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ከዚያ አረሮቹ ኢላማውን በጎናቸው ይመቱት ጀመር። የሽጉጤን በርሜል ውስጡን ብናይ፣ እርሳስ እንደ ጭቃ ተለስኖበታል።

«ዌንደል፣ ቅቤህ ረጋ መሰለኝ!» አለ ክላይድ፣ የማዶዎቹ ቀልደኛ።

ተሸነፍን። ዌንደል ባቄላውን ሲያማስል እንኳ ቃል አልወጣውም። በሳምንቱ የሱቅ አረር ይዞ መጣ፤ ዝም ብሎ ተኩሶ ሄደ። በቀጣዩም እንዲሁ። ሁላችንም ስንመኘው የኖርነው ጸጥታ ነበር፤ ሲመጣ ግን አስጠላን።

እኔ አልቻልኩም። ሽጉጤን ባዶ አድርጌ ይዤ ወደ ዌንደል ጋራዥ ሄድኩ።

«ስማ፣ እርሳስህ ባንተ ሽጉጥ እየሠራ በኔ ለምን እምቢ አለ? ይህን ሳላውቅማ አልሄድም።»

አየኝ፤ ሽጉጡን አየ፤ ተነሳ። ለስላሳ ቁራጭ እርሳስ በበርሜሌ ውስጥ በመዶሻ ቀስ እያለ መትቶ አሳለፈና ውፍረቱን ለካ። የራሱንም በርሜል እንዲሁ። የኔው የፀጉር ያህል ይሰፋል።

«አየህልኝ!» ብሎ ጮኸ። «በራሴ ልክ የተሰፋ ሱሪ ነው ያለበስኩህ! አረር በርሜሉን ሞልቶ ካልሄደ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ ይሾልካል፤ እርሳሱን እየላሰ በርሜሉ ላይ ይለጥፈዋል። እኔ ጅሉ ደግሞ በእርሳሱ ፈረድኩ! ቁጭ በል እንጂ፣ ገና ስለሚቀባው ሰም አልነገርኩህም።»

ቁጭ አልኩ። ላቨርን እራቱን ደጋግማ አሞቀችው።

በመልሱ ግጥሚያ በኔ በርሜል ልክ የተሠራውን ተኮስኩ። አረሮቹ ጥቁሩ መሃል ላይ እንደ ንብ ተጠጋጉ። የኔ ዙር ተኩስ ቆሞ ሽጉጤን ባዶ አድርጌ እንዳስቀመጥኩ፣ ዌንደል አንስቶ በባትሪ ውስጡን ማየት ጀመረ። «መስተዋት! ላቨርን፣ ነይ እዪልኝ፣ መስተዋት!» ዳኛው ስሙን ጠራ። ደገመ። ሰለሰ። ሳይተኩስ ተራው አለፈ፤ በሱ ዜሮ እንደገና ተሸነፍን።

ባቄላውን አብረን ቀቀልን። ክላይድ ሳህኑን ይዞ፣ ተረቡን አሰናድቶ ተጠጋ። አፉን ሳይከፍት ዌንደል ቀደመው።

«ክላይድ ወንድሜ፣ የበርሜልህን ልክ ታውቀዋለህ?»

ክላይድ አውጣኝ በሚል ዓይን ወደኔ ዞረ። እኔም ወንበር አመጣሁለት።