የስጦታ ሰፌድ

[ታኅሣሥ ነው፤ ከደባርቅ በታች ያለች መንደር። ያርጋል ገበያ ውሎ፣ አህያውን እየነዳ፣ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሞቅ ብሎት ገባ። ሚስቱ ስጦታ ደጅ ላይ ጠበቀችው። የሴቶች ማኅበር ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ዝምታዋ አላማረውም።]

ስጦታ፦ ሰፌዴን የት አደረስከው?

ያርጋል፦ ሰው ከገበያ ሲገባ «እንዴት ዋልክ» ይባላል፤ ሰፌድ ይቀድማል?

ስጦታ፦ እንዴት ዋልክ? ሰፌዴስ?

ያርጋል፦ ከአጥሩ ሥር ነው! ይልቅ ቁም ነገር ስሚ። ገብሱን ሸጥኩት።

ስጦታ፦ [የደነገጠች መስላ] ዘሩንም?

ያርጋል፦ ዘሩንም። ገበያ የወንድ ነው፤ አንች አይገባሽም።

ስጦታ፦ የት ገብቶኝ! ያች ከግብርና የመጣችው ጓድ ዕፀገነት ግን «በመኸር ሁሉም ሲሸጥ እህል ይረክሳል፤ ያኔ ግዙ እንጂ አትሽጡ» ብላናለች።

ያርጋል፦ ጎተራ የሌላት ጓድ ስለ ገብስ ምን ታውቃለች? ሌላስ ምን አለች?

ስጦታ፦ «ለቤታችሁ ስጋት የሆነውን ቀድማችሁ እወቁ» አለች። አንዷ በረዶ አለች፣ አንዷ ዋግ፣ አበባየሁ ደግሞ ነቀዝ አለች።

ያርጋል፦ አንችስ?

ስጦታ፦ እኔማ ያንተን ስም ጠራሁ።

ያርጋል፦ [ደረቱን ነፍቶ] ደግ አደረግሽ! የቤቱ አለኝታ መሆኔን ይወቁት።

ስጦታ፦ [ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና] ኧረ አወቁት። ለመሆኑ ማን ገዛህ?

ያርጋል፦ አንዲት የዳባት ሴት። እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና፣ ከዚያ ሁሉ ሻጭ መርጣ ወደኔ መጣች። ገራም ናት፤ ስልቻውን እንኳ እስከ ታች አልፈተሸችም።

ስጦታ፦ ብትፈትሽ ምን ልታገኝ?

ያርጋል፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሰፌድሽን ለምን የወሰድኩ ይመስልሻል? ከወንዙ ዳር ጠጠር አበጥሬ፣ ገብስ የሚያክል የሚያክለውን መርጬ ቀላቀልኩበት!

[ስጦታ እስካሁን በሆዷ ስትስቅ ነበር። አሁን ነጠላዋን ከአፏ አንስታ ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች።]

ስጦታ፦ ጠጠር? ከዘሩ ጋር?

ያርጋል፦ [እየተንከተከተ] የደረስጌዋን ማርያም! ክረምት ላይ ጥርሷ ሲሸረፍ ታስታውሰኛለች። ሞኝ ባይፈጠር ብልጥ ምን ይበላ ነበር?

ስጦታ፦ ለመሆኑ ያች ሴት በምን የመረጠችህ ይመስልሃል?

ያርጋል፦ ፊቴን አይታ።

ስጦታ፦ አህያህን አይታ ነው! «ጆሮዋ የተቆረጠ አህያ የሚነዳ ሰው ካየሽ ሌላ ገዢ እንዳይቀድምሽ» ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ይርገዱ ትባላለች፤ የማኅበራችን እህል ገዢ ናት።

ያርጋል፦ [እጁ ስልቻው ላይ ቀረ] በማን ገንዘብ?

ስጦታ፦ በእኔ የቅቤና የእንቁላል። አምና ነሐሴ ልጆቼን ይዤ እህል የለመንኩበት ደጅ ዘንድሮም ልቁም? አፈርኩ እኮ ያርጋል! አትሽጥ ብልህ አትሰማኝ፤ ስለዚህ ገዛሁህ።

ያርጋል፦ ታዲያ... ገብሱ?

ስጦታ፦ ጓዳ ነው። አንተ አረቄ ቤት ስትጎለት እሱ ቀድሞህ ገባ።

[ሰፌዱን ከአጥሩ ሥር አንስታ፣ አራግፋ አስታቀፈችው።]

ያርጋል፦ ምን ላድርገው?

ስጦታ፦ ልቀም።

ያርጋል፦ [እንደ ተቀጣ ተማሪ ቁጢጥ ብሎ] ጠጠሩንስ የት ልጣለው?

ስጦታ፦ እንዳትጥለው! በገብስ ዋጋ ነው የገዛሁት።