በር ላይ የወለቀ ጫማ

ዓይን አፋር ሰው ታክሲ ሲሳፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታዩትም። ጥግ ይዞ፣ ቦርሳውን አቅፎ፣ ከሹፌሩ ይበልጥ መንገዱን የሚከታተለው እሱ ነው። መውረጃው ሲቃረብ «ወራጅ አለ» የምትባለዋ ነገር ጉሮሮው ድረስ ትመጣና እዚያው ትቀመጣለች። ሌላ ሰው በዚያው ቦታ ቢወርድለት ተመስገን ነው፤ ካልወረደ ግን ጉዞው ይቀጥላል። እኔ ቤቴ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ሆኖ ሳለ፣ ታክሲው ከዚያ አልፎ የሚሄድባትን ገራዶን እንደ ሰፈሬ የማውቃት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ሆጤ ሰፈር ያለ አንድ የቴኒስ ሜዳ የማጽዳት ሥራ ሳገኝ፣ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ መሰለኝ። ሜዳ አይናገርም፤ መልስም አይጠብቅም። ሜዳችን ቀይ አፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እጠርጋለሁ፣ ውሃ አርከፈክፋለሁ፣ ሲሚንቶ የተሞላውን ትንሽ በርሜል እየገፋሁ አፈሩን እዳምጠዋለሁ፣ በመጨረሻም መስመሮቹን በኖራ እቀባለሁ። ሥራዬን ስጨርስ የሜዳው ኃላፊ ጋሽ አበበ አንድ አሮጌ ራኬት ያውሱኝና ከግድግዳው ጋር እጫወታለሁ። ግድግዳም አይናገርም፤ ኳሷን ግን ሁልጊዜ ይመልሳል። ከደሞዜ ይልቅ የምወደው ይህንን ጨዋታ ነው።

ችግር የመጣው የሜዳው ሁለት በሮች ለብየዳ ተነቅለው በተወሰዱ ጊዜ ነው። የበያጅ «ነገ» ምን ያህል እንደሚረዝም እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለቱ በሮች ፊት ለፊት ስለሆኑ፣ በሜዳችን ቢያቋርጡ ገበያው እንደሚቀርብ ሰፈርተኛው በአንድ ቀን ደረሰበት። እኔ ዳምጬ ሳልጨርስ የሴቱ ታኮ ይወጋዋል፣ የወንዱ ቦቲ ይረግጠዋል። አንድ ቀንማ አህያም አልፋለች፤ ያውም ከነጭነቷ።

ጋሽ አበበ አፈሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቅዳሜ የኮምቦልቻ ተጫዋቾች ይመጣሉ። ሜዳው ላይ አንድ የመንገደኛ ጫማ ዱካ ባይ፣ ሥራውን ለጥበቃው ነው የምሰጠው። እሱ ቢያንስ ይጮሃል።»

ሥራው ሄደ ማለት ራኬቱም ግድግዳውም ሄዱ ማለት ነው። ስለዚህ ሞከርኩ። ቲማቲም የሚሸጡት እትዬ ብርቄ ቅርጫታቸውን ተሸክመው ሲገቡ ፊታቸው ቆምኩና አሳልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

«ብርድ መትቶሻል ልጄ፤ ዝንጅብል በማር አድርገሽ ጠጪበት» ብለውኝ መሃል ለመሃል አለፉ።

ነገሩ የተለወጠው ሐሙስ ጠዋት ነው። የዳመጥኩትን እኔው ራሴ እንዳላበላሸው ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ፤ የውሃ ማንቆርቆሪያዬንም አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ተንበረከክሁና፣ ግንባሬ መሬት ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሼ መስመሩን መቀባት ጀመርኩ። ጋሽ ይመር የሚባሉ፣ በየቀኑ ከዘራቸውን አፈሩ ላይ እየተከሉ የሚያልፉ አዛውንት አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጫማውን አዩ። ማንቆርቆሪያውን አዩ። እኔን አዩ።

«ዱዓ አለ እንዴ ዛሬ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የለም» ማለት ነበረብኝ። «የለም» ግን «ወራጅ አለ» የምትቀርበት ቦታ ላይ ቀረች። አንገቴን ደፋሁ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አልረብሽም» አሉና ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በዳር በዳሩ ተራምደው ወጡ።

እትዬ ብርቄ ከኋላቸው ደርሰው ይህን ሁሉ አይተዋል። «ጋሽ ይመር ያወለቁበትን እኔ በጫማ ልረግጠው ነው?» አሉ ለራሳቸው። በአንድ እጃቸው ቅርጫት፣ በሌላው ጫማ መያዝ ግን አልተመቻቸውም፤ ስለዚህ ዙሪያውን ዞረው ሄዱ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲገባ ጫማ ይወልቃልና፣ በር ላይ የወለቀ ጫማ ሁሉም ሰው የሚያነበው ማስታወቂያ ነው። ወሬው ተዳረሰ። አርብ ዕለት ሰው ሁሉ የጫማ ክር ከመፍታት መዞር ይሻላል ብሎ መዞር ጀመረ። እኔም በሌላኛው በር ላይ የድሮ ጫማዬን አስቀመጥኩ። ምንም አልተናገርኩም፤ ጫማ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ሜዳው አዲስ እንደተነጠፈ ምንጣፍ ሆኖ ዋለ። ሰፈርተኛው ጨዋታ ሊያይ መጣ፤ ጫማውን በሩ ላይ ደርድሮ ዳር ዳሩን ተቀመጠ። ከዚያ ኮምቦልቻዎች የደሴን ብርድ ፈርተው ጃኬት ደራርበው ደረሱ። አምበላቸው የተደረደረውን ጫማ አየ፤ የራሱን ነጭ ጫማ አየ።

«የቤቱ ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ። ጓደኞቹም ተከተሉት። ጋሽ አበበ ይህን ሲያዩ እንግዶቹ የሚጫወቱት እንደዚህ ነው ብለው የራሳቸውን አወለቁ። የእኛ ተጫዋቾችማ ኃላፊያቸው ካወለቁ ምን ያድርጉ።

ጠዋት ውሃ ያርከፈከፍኩበት አፈር ገና አልደረቀም።

«ደሴዎች ተንኮለኞች ናችሁ፤ በብርድ ልታሸንፉን ነው» አለ አምበሉ በአንድ እግሩ ቆሞ።

«እኛ ደግሞ እናንተ የለመዳችሁት መስሎን» አሉ ጋሽ አበበ፣ እሳቸውም በአንድ እግራቸው።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር ሰፈሩን ሁሉ በጫማ እንዳዞርኩት ይታወቃል፤ ራኬቱም ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው ጥፍሩን ሜዳዬ ላይ ትቶ ይሄዳል። አምበሉ ኳሷን ወደ ላይ ሊወረውር እጁን አነሳ።

«ጫማ ይደረጋል» አልኩ።

ድምፄ ያን ያህል ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁሉም ዞረ።

«ዱዓውስ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ዱዓ አልነበረም ጋሼ። ኖራ እየቀባሁ ነበር።»



«እኔ በዚህ ጉልበቴ ዞሬ ገበያ የምሄደው ለኖራ ነው?» አሉ እትዬ ብርቄ። ያን ጊዜ ጋሽ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሜዳው በሙሉ ተከተላቸው።

«እንግዲያው ያልነበረውን አሁን እናደርገዋለን» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ኳሱን ከመረብ፣ እግራችሁን ከወለምታ ይጠብቅ። የተሸነፈውም ምሳውን በሰላም ይብላ።»

ሁሉም «አሚን» አለ። እትዬ ብርቄ አማተቡ። ጫማ ተደርጎ ጨዋታው ተጀመረ፤ ምሳውን በሰላም የበላነው እኛ ሆንን።

ጋሽ አበበ መጨረሻ ላይ መጥተው ራኬቱን ሰጡኝ። «ለካ ድምፅ አለሽ። ሥራሽን ቀጥዪ፤ ይህም ያንቺ ይሁን» አሉ።

ራኬቴን ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ከእንግዲህ ተናጋሪ ነኝ፤ በሁለት ከተማ ሰው ፊት የተናገርኩ ልጅ ነኝ። ቧንቧ ውሃ ተቃረበ። አፌን ከፈትኩ።

ገራዶ አመሻሽ ላይ ደስ ትላለች።