የቲቸር ዘይነባ ሻርፕ

ኪቦርዱን እንደ ሠርግ ድንኳን የሚያበራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ጊንጆ ሰፈር ወዳለችው የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቴ ብቅ በሉ፤ ሰውየው እኔ ነኝ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሁሉም በጠራራ ፀሐይ ይበራል። ምን ይጠቅምሃል አትበሉኝ፤ እኔም አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት በወጣትነቴ ታይፕ ያስተማሩኝ ቲቸር ዘይነባ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሊያስጽፉ መጡ። ገና ሲቀመጡ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ።

«ሜ፣ እስቲ ይሄን መብራት ቀንስልኝ፤ አሳወረኝ እኮ!»

ቀነስኩ። አሁንም ጋረዱ። ደግሜ ቀነስኩ።

«ከዚህ በላይ ከቀነስኩት ፊደሉ አይታየኝም፣ ቲቸር።»

«ፊደሉን እያየህ ነው የምትጽፈው?» አሉና ከትከሻቸው ሻርፓቸውን አንስተው እጆቼን ከነኪቦርዱ ሸፈኑ። ያኔም ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበር የሚያደርጉን። «በል ጻፍ።»

እሳቸው ሲናገሩ እኔ ከሻርፑ ሥር ጻፍኩ። የቁልፎቹ ኳኳታ የድሮውን ታይፕ ይመስላል። ሃያ ሆነን «ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ» እያልን አንድ ላይ የምንመታበት ክፍል ትዝ አለኝ።

አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ማሻአላህ! የተሳሳትከው የእኔን ስም ብቻ ነው።»

ስማቸውን ያረምኩት የኪቦርዱን መብራት ጨርሼ አጥፍቼ ነው።