ገመዱ ይነቀልና እንተያያለን

የትም ሥራ ተቀጠሩ፣ የትኛውም ፎቅ ላይ ወንበር ይሰጣችሁ፣ አለኝ የምትሉት ነገር እንደሌላችሁ ሊያረጋግጥላችሁ የተፈጠረ አንድ ሰው አታጡም። ለእኛ ቢሮ የደረሱን ክቡር ጋሼ ንቀል ናቸው። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሰው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ጋሼ ንቀል የዕቅድ ክፍል ባለሙያ ናቸው። ኮምፒውተር ሥራቸው አይደለም፤ የሾማቸውም የለመናቸውም የለም። ቢሯችን ምድር ቤት ስለሆነ መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምናየው የሰው ጫማ ነው። መብራት በቀትርም አይጠፋም፣ ግድግዳው እርጥበት ይተፋል። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ኢሜይል ከፍቶ፣ ፎቶ አይቶ፣ ትንሽ ፈገግ ካለ ክቡርነታቸው ይሸታቸዋል። ይነሳሉ። መጥተው ከኋላው ይቆማሉ።

"ቆንጆ ፎቶ ነው። አለህ?"

"ይኸው እያየሁት አይደል እንዴ፣ ጋሼ?"

"ማየቱንማ አየኸው። ገመዱ ይነቀልና እንተያያለን!"

ይህን ብለው ጎንበስ ይሉና የኔትወርኩን ገመድ መዥረጥ ያደርጉታል። ከዚያ የኢሜይል ፕሮግራሙን ዘግታችሁ እንድትከፍቱ ያዝዛሉ። ስትከፍቱት ጽሑፉ አለ፤ ፎቶው በነበረበት ግን ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት ያለባት ባዶ ሳጥን ተገትራለች። "አየህ!" ይላሉ፣ የዘመድ ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ትምህርታቸውን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ኢሜይል ላይ የሚታይ ፎቶ ሁሉ ኢሜይሉ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ይዞ የሚመጣው የፎቶውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ፎቶው ራሱ የሰው ማሽን ላይ፣ ሩቅ ቦታ ነው ያለው። ኔትወርኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። "በመስኮት የጎረቤትህን ጓሮ ስላየህ ጓሮው ያንተ ነው?" ይላሉ። ስለዚህ ፎቶውን አንድ በአንድ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሴቭ ማድረግ፣ ከዚያ ገመዱን ነቅሎ መሞከር ነው። እኛ ግን ነገሩን ከመጤፍ አልቆጠርነውም። የሳሙና ማስታወቂያ ሴቭ አድርጌ ምን በወጣኝ?

አንድ ጊዜ አለቃችን የአዲሱን ሕንፃ ፎቶዎች ለእንግዶች ሊያሳዩ ኢሜይላቸውን ከፍተው ተዘጋጁ። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ጋሼ ንቀል "ለማረጋገጥ ያህል" ብለው ነቀሉ። ገመዱ ተመልሶ ሲሰካ ኔትወርኩ አኩርፎ ቀረ። አለቃችን ሰባቱንም ፎቅ በእጃቸው እየቀዘፉ ሲያስረዱ ዋሉ። በማግስቱ ለጋሼ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በኢሜይል ደረሳቸው። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ነበረበት። ማስጠንቀቂያውን ከማንበባቸው በፊት ዓርማውን ሴቭ አደረጉት።

ይህ ሁሉ ያስቃል። ለቅሶ ቤት ያደረጉት ግን አላሳቀንም።

ጸሐፊያችን አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ እናትና አባት ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። የጭነት መርከብ መካኒክ ሆኖ ወደብ ለወደብ ሲዞር፣ ፎቶዎቹን በአንድ የፎቶ መላኪያ ድርጅት በኩል በኢሜይል ይልክላት ነበር። ባለፈው ክረምት መርከቡ ላይ አረፈ። አስከሬኑም አልመጣም። ልናጽናናት ሄደን፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ጋሼ ንቀል "እግዜር ያጽናሽ" አሉና ቀጠሉ፦

"ፎቶዎቹ ግን አሉሽ?"

ኮታቸውን ጎተትኩ። "ኧረ በፈጠረዎት፣ ጋሼ!" አልኳቸው በሹክሹክታ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እሷም እንባዋን እየጠረገች "ኢሜይሌ ላይ ሁሉም አሉ" አለች።

ሥራ በተመለሰች ሰሞን፣ ዝናቡ የመስኮቱን ጫማዎች ሁሉ ባባረረበት ቀን፣ የወንድሟን ደብዳቤዎች ከፍታ አየናት። ካረፈ ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ጋሼ ንቀል ተነሱ። ሰውዬው ክርስቲያንም እስላምም ይሁኑ፣ የሰው ልብ ካላቸው ይህችንስ አይነቅሉባትም አልን።

ነቀሉ።

ፕሮግራሙን ዘግተው ሲከፍቱት የወጣውን ጩኸት ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ሳጥን ከሳጥን ትሄዳለች፤ ሁሉም ባዶ ነው። ደሜ ፈላ። "እርስዎ ሰው ነዎት?" ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩኝም። ገመዱን ሰኩና መነጽራቸውን አድርገው፣ ከደብዳቤዎቹ መሃል አንድ ያልተከፈተ አወጡ። ከፎቶ መላኪያው ድርጅት የመጣ ማስታወቂያ ነው። ድርጅቱ እየተዘጋ ነበር፤ ፎቶዎቹ የሚቆዩት እስከዚያው ቀን ማምሻ ድረስ ነው።

"ተነሺልኝ፣ ልጄ" አሏት።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ዝናቡ ኔትወርኩን አድክሞት አንድ ፎቶ ከግንባሩ እስከ አገጩ ለመውረድ ምጥ ነበር። እሳቸው ይከፍታሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ሴቭ ያደርጋሉ፤ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ሲያዝዙኝ እነቅላለሁ፣ ሲያዝዙኝ እሰካለሁ። ሽንኩርት እየላጠ፣ ከዘይት የጠቆረ ቱታ ለብሶ፣ ሪዝ ለማሳደግ ሲሞክር፣ ወንድምየው አንድ በአንድ መጣ። ገመዱ ተነቅሎም አልሄደም። እሷ ስክሪኑን በመዳፏ እየዳሰሰች "አለ፣ አለ" ትላለች።

የመጨረሻዋ እምቢ አለች። ደጋግመው ሞከሩ። ሰዓቱ አልቆ ድርጅቱ ዘጋ።

"አየሽ!" ይላሉ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አላሉም። ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው "ምን ነበረበት? ሳትረሺው ንገሪኝ" አሏት። ካቦርቱን ደርቦ፣ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ፣ "ትንሽ ጭረት ናት፣ እንዳትደነግጪ" ብሎ የጻፈባት ፎቶ እንደሆነች ነገረቻቸው። የትኛው እጁ እንደሆነ ጠየቋት። ግራው ነው አለች። ስትጨርስ "ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?" አለቻቸው።

"ከሞኝነቴ" ብለው ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ለጩኸቴ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ቀድመውኛል። ኮታቸውን ሳያወልቁ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ የባለቤታቸው ደብዳቤ ነበር። ባለቤታቸው ሩቅ ከተማ ለሕክምና ሄደው በዚያው እንዳረፉ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስከሬናቸው መጥቶ ቀብራቸው ላይም ነበርን። ደብዳቤው አጭር ነው። "ፀጉሬ መብቀል ጀመረ። እስቲ እየው፣ እንዳትስቅ ግን" ይላል። ከሥሩ ባዶ ሳጥን።

ጋሼ "ምስሉን አውርድ" የሚለውን ተጫኑ። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። እኔን ሲያዩ ደብዳቤውን አልዘጉትም።

"ያኔ ደብዳቤውን እዚህ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩት። ፎቶውም አብሮ የገባ መስሎኝ" አሉ። "ስቄ ነበር ደግሞ። እንደ ጫጩት ነበር የምትመስለው።"

"ፎቶው የነበረበት ማሽንስ፣ ጋሼ?"

"እሱማ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ።" መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ግን ጠዋት ጠዋት ኔትወርኩ ፈጠን ይላል።"

አንጀቴን በሉት። ለካ እኒህን ነዝናዛ ሰውዬ እወዳቸው ኖሯል። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ክቧም ስትዞር፣ አብረን ጠበቅናት።