ከፈረንጅ የወረስኳቸው ሰማያዊ እንቁራሪቶች

ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ የውርስ ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል። ሟች የለም፤ እንባ ግን አለ። ምግብ አብሳይዋ በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች በሌላው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ትመለከታለች። ዘበኛው "እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?" ይላል፤ ይህን የሚለው ግን ሶፋውን በእጁ እየደባበሰ ነው። ሾፌርስ? ሾፌር ያልሰማው የስልክ ጭቅጭቅ፣ ደጅ ቆሞ ያልጠበቀው ስብሰባ የለምና የእሱ ድርሻ ከሁሉም እንደሚበልጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔም ሾፌር ነኝ። ካሚል እባላለሁ። ሚስተር ሄንሪክ ለሚባሉ የዕፅዋት ተመራማሪ አራት ዓመት አንድም ቀን ሳላረፍድ ነድቼላቸዋለሁ። ሊሄዱ መሆኑ ሲሰማ ባለቤቴ ሀያት ባለ ሁለት በሩ ፍሪጃቸው የሚቆምበትን ቦታ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ አሰመረች።

በመጨረሻው ቀን ጠሩኝ። ማሽኑ ለአብሳይዋ ተሰጥቷል። ሶፋውም ፍሪጁም ለዘበኛው ሄደዋል፤ ዘበኛው በጣም አልቅሶ ነበር። "ላንተ ግን" አሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ነው የምሰጥህ።" ልቤ ደረቴን ጥሳ ልትወጣ ደረሰች። ሰውዬው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት መኪናውን አይደል እንዴ? ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡና ከአንድ ነገር ላይ ጨርቅ ገለጡ።

እንቁራሪቶች። ሁለት።

ቆይ ግን፤ እንቁራሪት ስላችሁ ክረምት ሲገባ ቦይ ውስጥ የምትጮኸዋን ጭቃማ ነገር እንዳታስቡ። እነዚህ ሰማያዊ ናቸው። የሾላ ሚኒባሶች በሙሉ ታጥበው ቢሰለፉ ያን ሰማያዊ አያወጡትም። ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ ጀርባቸው ላይ ሰው ተጠቦ በብዕር የነካካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ቤታቸው መስታወት ሆኖ ውስጡ ጫካ ነው፦ የድንጋይ ሽበት፣ ደቃቅ ዕፅዋት፣ ደረቅ ቅጠል፣ ትንሽ ኩሬ፣ ለመኝታ የተደፋ የኮኮናት ቅርፊት። ለፍሪጅ የመጣ ሰው ነበርኩ፤ እዚያው በርከክ ብዬ ግማሽ ሰዓት ቀረሁ።

ሚስተር ሄንሪክ እንዳስረዱኝ ዳርት ፍሮግ ይባላሉ፤ የደቡብ አሜሪካ ጫካ ዘር ናቸው። በጫካቸው ሲኖሩ ቆዳቸው መርዝ አለው፤ የአንዳንድ ዘመዶቻቸውንማ መርዝ አዳኞች ፍላጻቸው ላይ ይቀቡታል። እንደ እነዚህ መስታወት ውስጥ ተወልደው ያደጉት ግን መርዝ የላቸውም። መርዙ የሚገኘው ከሚበሉት የጫካ ጉንዳን ነውና፣ ያ ምግብ ከሌለ መርዝም የለም። ደመወዝተኛ ናቸው ማለት ነው፤ ክፉ ለመሆን የሚያበቃ ምግብ አይደርሳቸውም። ደግሞ የተሟላ የጤና ምስክር ወረቀት አላቸው። እኔ እንኳ የለኝም።

ወደ ሰፈሬ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስወስዳቸው መስታወቱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አሰርኩት። ያንን ዳገት እንደዚያ ቀስ ብዬ ወጥቼው አላውቅም። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ክላክሱን ሲያንባርቅ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ "እንግዳ ይዣለሁ!" አልኩት።

ሀያት የአምስት ወር ልጃችንን ሂክማን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሣጥኑን ዙሪያውን አየችው። "ይሄ ያቀዘቅዛል?" አለች። እንደማያቀዘቅዝ፣ እንዲያውም እኛ ልናሞቀው እንደሚገባ ነገርኳት። መስታወቱ በጠመኔ በተሰመረው ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ቆመ።

ወንዱን ሻምበል፣ ሴቷን ወይዘሪት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ተለወጠ። የእንጦጦ ነፋስ እንዳያገኛቸው ከሥር የምትሞቅ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ አለቻቸው፤ መብራት ሲጠፋ ጋቢዬን አለብሳቸዋለሁ። ጠዋትና ከሰዓት ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በፀጉር ቤት መርጫ እረጭላቸዋለሁ፤ የቧንቧው ውሃ መድኃኒቱ አይስማማቸውም። የሚተኙበትን ቅጠል ፍለጋ እንጦጦ ወጣሁ። እንጦጦ ላይ ቅጠል ጠፍቶ ነው? አልጠፋም፤ ግን ባህር ዛፍ ነው፣ ዘይቱ ቆዳቸውን ይጎዳል። እኛ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠንበትን እነሱ ናቁት! ባህር ዛፍ ያልሆነ ዛፍ ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልኩ፤ ሳገኘው ወርቅ እንዳገኘ ሰው ነው የጮህኩት።

ምግባቸው ዝንብ ነው። ያውም መብረር የማይችሉ ደቃቅ የፍራፍሬ ዝንቦች። ሚስተር ሄንሪክ በአራት ጠርሙስ አርብተው አስረክበውኛል፤ እኔም ኩሽና ቁም ሣጥን ውስጥ ከበርበሬው በስተጀርባ ደበቅኳቸው።

በወሩ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የኮኮናቱን ቅርፊት ገለጥ ባደርግ ምን አየሁ? ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣውን የመሰለ ልስልስ ነገር፣ መሀሉ ላይ አምስት ጥቁር ነጥቦች። እንቁላል! ሀያት ፀጉሯን ሳታበጥር ሮጣ መጣች፤ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። ለሚስተር ሄንሪክ ስደውል ባሕር ማዶ ሆነው "አያት ሆንኩ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ እኔም ወዲህ እጮኻለሁ። ሂክማ ስትወለድ እንደዚህ ጮኸህ ነበር ወይ ብላ ሀያት ጠየቀችኝ። ጥያቄው ጊዜውን የጠበቀ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የሀያት የተራዘመ የወሊድ ፈቃድ አለቀ። ልጅ ሊይዙልን እናቷ እማማ ዘይነባ ከካራ መጡ። እንግዲህ እማማ ዘይነባ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ቢስሚላህ ይላሉ፤ ሁለተኛ ኩሽና ያጸዳሉ።

ከአዲሱ የሾፌርነት ሥራዬ ስመለስ ቤቱ ፍሊት ፍሊት ይሸታል። አራቱ ጠርሙሶቼ ታጥበው፣ አንጸባርቀው፣ በተርታ ተደፍተዋል። "ልጄ፣ ዝንብ ወሮህ ነበር እኮ!" አሉኝ ምርቃት በሚጠብቅ ፊት። "ትሉ ሁሉ ነበረው። አንድም አልቀረ፣ አልሐምዱሊላህ።" አላህ ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ግን ሮጬ ሳሎን ገባሁ። የሳሎኑ በር ተዘግቶ ስለዋለ ፍሊቱ አልደረሰባቸውም፤ እማማ እንዳያዩአቸው የሸፈንኩበትን ጨርቅ ስገልጥ ሁለቱም ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። ተነፈስኩ። ከኋላዬ ደግሞ ጩኸት ሰማሁ።

እማማ ዘይነባ ሂክማን ጥብቅ አድርገው ይዘው "አኡዙ ቢላህ! ሕፃን ባለበት ቤት?" አሉ። መርዝ እንደሌላቸው ተናገርኩ፤ መርዝ የሚለውን ቃል ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። ፍርዱ አጭር ነው፦ ወይ እንቁራሪቶቹ ይወጣሉ፣ ወይ እሳቸው ወደ ካራ ይመለሳሉ። እሳቸው ከሄዱ ሀያት ሥራዋን ልትተው ነው። ሀያት አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "እማማ፣ አራስ ናት እኮ" አልኩ።

ሂክማን የያዙበትን እጅ ላላ አደረጉ። "ማን?"

"ሴቷ። እንቁላል ጥላለች። አራስ ከቤት ይባረራል?"

እማማ ዘይነባ አሥራ አንድ ጎረቤት አርሰው ያስነሱ ሴት ናቸው። አንዴ ወይዘሪትን፣ አንዴ እኔን አዩ። "እንቁራሪትም አራስ ተብሎ!" አሉ፣ ግን ድምፃቸው ላልቶ ነበር። በመጨረሻ እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ፈቀዱ፤ በተፈለፈሉ ቀን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት አንድ ነው፤ ዝንብ የለም። ወላጆቹ ሲርባቸው እንቁላላቸውን ይበሉ ይሆን? ሚስተር ሄንሪክ "እንዳይርባቸው!" ብቻ ብለው ስልኩ ተቋረጠ። ሾላ ገበያ ሄጄ አንዲት ፍራፍሬ ነጋዴ ፊት ቆምኩና ከሁሉ የበሰበሰውን ሙዝ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ልጆች አሉህ ወንድሜ?" አለች። አንዲት ሕፃን አለችኝ አልኩ። ስድስት ቢጫ፣ አንዳች ጠባሳ የሌለው ሙዝ መርጣ "ይዘህላት ሂድ" ብላ ሰጠችኝ። እኔ ጥቁሩን ነው የምፈልገው ብል "አትፈር፣ ያጋጥማል" ትለኛለች። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሄድኩ። ጥሩ ሙዝ እስኪበሰብስ ማን ይጠብቃል?

በማግስቱ ተመለስኩና እውነቱን ተናገርኩ። ሙዙ ለዝንብ ነው፤ ዝንቡ ለእንቁራሪት ነው፤ እንቁራሪቷ አራስ ናት። ነጋዴዋ አጠገቧ ካለችው ሽንኩርት ሻጭ ጋር ተያየች። ከዚያ የበሰበሰውን ሙዝ በሙሉ ከነቅርጫቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና በለሰለሰ ድምፅ ጸበል ሞክሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ካሚል እባላለሁ አልኳት። "እንግዲያማ ዱዓ አስደርግ" አለች፤ ለእሷ መፍትሔ አይጠፋም። ቅርጫቱን ታቅፌ ሮጥኩ።

በሁለት ቀን ውስጥ የሾላ ዝንብ ግቢያችንን ሞላው። ችግሩ የሾላ ዝንብ ክንፍ አለው፤ መስታወቱ ሲከፈት ከእንቁራሪቱ በፊት ጣራው ላይ ይደርሳል። ሚስተር ሄንሪክ ዘዴ ነገሩኝ፤ ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጠው ዝንቡ ደንዝዞ በእግሩ ይሄዳል። ትንሿ አሮጌ ፍሪጃችን ውስጥ ከወተቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። ማን ከፈተው? እማማ ዘይነባ። "ባለፈው የገደልኳቸው ተነስተው ፍሪጅ ገቡ እንዴ!" የሚል ድምፅ ሰፈሩን አናወጠው። ያም ሆኖ ሻምበልና ወይዘሪት በሉ። ምላሳቸው ስትወጣ አትታይም፤ ዝንቡ ብቻ ከዓይንህ ፊት ይሰወራል። እኔም በተሰወረ ቁጥር አጨበጭባለሁ።

ከዚያ ቀናት አለፉ። ከሥራ ስመለስ አንዳንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ጨርቁ በተውኩት ቦታ የለም። ወንበር ከመስታወቱ ፊት ተስቧል። ለካስ ሂክማ ስታለቅስ ሰማያዊዎቹን ካየች ዝም ትላለች፤ እማማ ዘይነባም ልጅ ለማባበል ብለው ቁጭ ይላሉ። ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷት እንኳ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ጨርቁን መልሰው ጣል አደረጉበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሂክማን አዝለው መስታወቱ ፊት ቆመው ጮኹ፦ "ካሚል! ና ቶሎ! የወንዱ ጀርባ ላይ የሆነ ነገር በቅሏል፤ ታሞ እንዳይሆን!"

ሮጥኩ። ሻምበል ከኮኮናቱ ወጥቷል። ሰማያዊ ጀርባው ላይ ጭራ ያላት አንዲት ጥቁር ነገር ተለጥፋለች። "ወላሂ አልታመመም!" አልኩ እየዘለልኩ። "ልጁን አዝሎ ነው! እንቁላሉ ተፈልፍሏል! ወደ ውሃው ሊወስዳት ነው!"

ሀያት ከነሳሙና እጇ ከኩሽና መጣች። ሦስታችንም መስታወቱ ላይ ተደረደርን። ሻምበል ቅጠሉን ተራመደ። ቆመ። ድንጋዩን ወጣ። ወረደ። ኩሬው ዳር ደርሶ ከወገቡ ዝቅ አለና ጠበቀ። ልጅቷ ተንሸራታ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ጭራዋን አወዛወዘች፣ ዋኘች! ጮህኩ፤ ሀያትም ጮኸች፤ እማማ ዘይነባ ማሻአላህ እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እናትየውስ?" አለች ሀያት።

"ተኝታለች።"

"ተኝታለች?" አለች፤ ስለ አንድ ሩቅና የተባረከ አገር እንደሰማ ሰው።

እማማ ዘይነባ ዓይናቸውን ከሻምበል አልነቀሉም። "የቀሩትንም እሱ ነው የሚያመላልሳቸው?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

"ማንም ሳይነግረው?"

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ደስታ አስክሮኝ፣ ማንም ሳይነግረው ብቻ ሳይሆን እንቁላሎቹንም ሁለት ሳምንት ሙሉ በገዛ ሰውነቱ እያረጠበ የጠበቃቸው እሱ መሆኑን በኩራት አስረዳሁ። እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩ።

ድንገት የፍርዱ ቀን መድረሱ ትዝ አለኝ። "እማማ፣ እንግዲህ ተፈለፈሉ... ወዴት ልውሰዳቸው?" አልኩ።

"የት ትወስዳቸዋለህ? ይቀመጡ!" አሉ። "ለዚህ ቤት የሚያስፈልግ ፍጥረት ነው።" የማዘያውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። "ዞር በል።"

"እኔ?"

"ይሄ አውራ ጣት የማያክል ከቻለ፣ አንተ አራተኛ መንጃ ፈቃድ ያለህ ሰውዬ ትችላለህ። ዞር በል አልኩህ።"

ሂክማን ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝና ዳቦ ግዛ ብለው ወደ መንገድ ላኩኝ። የሰፈሩ ጋራዥ ደጃፍ የተቀመጡ ጓደኞቼ ተነስተው ቆሙ፤ አንዱ "ካሚል፣ ጭነት ጀመርክ እንዴ?" አለኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኳቸው። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሂክማ ጆሮዬን ይዛ ትስቃለች፣ እኔም ልክ እንደ ሻምበል ቆም እያልኩ፣ እየተራመድኩ ዳገቱን ተያያዝኩት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ከጀርባዬ እስከ ወገቤ አንዳች ሙቀት ወረደ። የሻምበል ልጅ አባቷ ውሃው ድረስ እስኪያደርሳት ትጠብቃለች፤ የእኔዋ ግን አባቴ ምን አደከመው ብላ ውሃውን እዚያው አመጣችልኝ።